የእናኑ በርጩማ

እናኑ በአባቷ ዕድሜ ላሉት ለአቶ አምባቸው ከተዳረች ወዲህ፣ ጣሊያን ትቶት በሄደው ትልቅ የጎንደር ቤት ውስጥ እንደ ልቧ የምትተነፍሰው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነበር። ለዚያም ዕድሜ ለሁለቱ የድምፅ ማጉያ ሳጥኖች!

ባሏ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላ ያዳምጣሉ። ሳጥኖቹ ድምፁን የሚወረውሩት ቀጥ አድርገው ወደ ፊት ብቻ ነው። መካከል ካለው ወንበር ለተቀመጠ ሰው ዘፋኙ ፊቱ የቆመ ይመስለዋል፤ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ግን ሸሽቶ አንዱ ሳጥን ውስጥ ይወሸቅበታል።

«ጌታዬ፣ ሸጋው ቦታ አንድ ነው፤ እርስዎ ይቀመጡበት» ትልና በርጩማዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ጥግ ትሄዳለች። ከዚያ ሆና፣ ከገበያ ወደ አዘዞ የሚመለሱትን የአገሯን ሴቶች ሳቅ ትሰማለች። ከደጅ መውጣት ለተከለከለች ሴት ይህም ቀላል አይደለም።

ዛሬ አቶ አምባቸው ከአስመራ ያስመጧቸውን አዳዲስ ሳጥኖች አስተከሉ። ድምፁ እንደ ውሃ በየጥጉ ፈሰሰ። ከመስኮቱ ሥርም ቢቆሙ ከጓዳው በር፣ ዘፋኙ ከመካከል ንቅንቅ አላለም። የሴቶቹን ሳቅ ዋጠው።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አሉ ባሏ፣ ፊታቸው በርቶ። «ስንት ዘመን ለእኔ ስትይ ጥግ ተቀመጥሽ! እንግዲህስ ቦታ አይመረጥም።»

«ሸጋ ነው፣ ጌታዬ» አለች በርጩማዋን ጠበቅ አድርጋ።

እሳቸው ግን ከእጇ ወስደው ከወንበራቸው ጎን አስቀመጡት። ከዚያም ድምፁ ወደ ውጭ እንዳያመልጥ ብለው መስኮቱን ዘጉ።