መኪናዋ ያልረገጠች ዕለት

አሮጌዋ መኪና መርገጥ የጀመረችው ማንም ሳያስቆጣት ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ልትሻገር ስትል ታመነታለች፣ ሞተሩ በባዶው ይጮኻል፣ ከዚያ ግው! የተሳፋሪው አንገት ወደ ኋላ ተወርውሮ ይመለሳል። ስትቆምም ያው ናት። የማርሹ ዘንግ ወደ «ፒ»፣ ወደ መቆሚያው፣ ሲገፋ፣ ከሆዷ ውስጥ የተዘጋበት ሰው በር የሚመታ ይመስል አንዴ ግው ትልና ጸጥ ትላለች።

ባለቤቷ ጡረታ የወጣ ጠበቃ ነው። ሠፈሩ «አቶ መቃወሚያ» ይለዋል፤ ደህና አደሩ ሲሉት «በምን ማስረጃ?» የሚል ሰው ስለሆነ። መኪናዋን የገዛት ጥርሱም ጸጉሩም ሙሉ በነበረ ጊዜ ነው። ፋብሪካው ከዘጋ ቆይቷል፤ እሱ ግን ዛሬም በየጠዋቱ ይወለውላታል። የእጅ ፍሬኗ ሽቦ ከተበጠሰ ዘመን ሆኖታል፤ «አውቶማቲክ መኪና የእጅ ፍሬን ምን ያደርግላታል?» ብሎ ትቶታል።

ባለፈው እሑድ ትልቋ ልጁ ከመኪናዋ ወርዳ አንገቷን እያሸች ፈረደችበት።

«አባዬ፣ ከዛሬ በኋላ አንዴ ረገጠች ሲባል ከሰማሁ ቁልፉን ትሰጠኛለህ። ትሸጣለች።»

«ምስክርሽ ማን ነው?»

«እማዬ።»

ሚስቱ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። መኪናዋን ከወሰዱበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሰው መጥቶ እንዲያደርሰው የሚለምን ሽማግሌ ይሆናል፤ ይህን ከሞት አስበልጦ ይፈራዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የፈለገው የመኪናዋን ጤና አልነበረም። ዝም እንድትል ብቻ ነበር የፈለገው። ስንቱ ነው እንዲህ ያለው! የሚጮኸውን ነገር አፉን ይዘጋና ያዳነው ይመስለዋል።

ሚስቱን አሳፍሮ መኪናዋን የወሰደበት ጋራዥ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ መሬቱ በዘይት የጠቆረ ግቢ ነው። መካኒኩን «ራዲዮ» ይሉታል፤ አፉ አይዘጋም፣ ደንበኛ ሳያናድድ ቁርሱ አይወርድለትም። መኪናዋ እንደቆመች ከምንም በፊት ከኋላ ጎማዋ ሥር የእንጨት ታኮ ወሸቀ።

አቶ መቃወሚያ ተቆጣ። «ምን ማለትህ ነው? ፒ ላይ ናት እኮ!»

«ጋሼ፣ ከሥሯ የምገባው እኔ ነኝ። ፒ ፊደል ነው፤ ታኮ ግን እንጨት ነው።»

«በሰው ፊት ካቴና እንደማጥለቅ ነው።»

«ካልሮጠች እፈታታለሁ።» ራዲዮ ኮፈኑን ከፈተ። «የካምቢዮዋ፣ የማርሽ ሳጥኗ፣ ዘይት ስንት ላይ ነው?»

«ሙሉ ነው። ጠዋት ጠዋት እለካዋለሁ።»

«ሞተሩ ጠፍቶ?»

«ሞተር እየዞረ ዘይት የሚለካ እብድ አለ እንዴ?»

«አለ፣ እኔ ነኝ! የሞተሩ ዘይት ነው ጠፍቶ የሚለካው። የካምቢዮዋ ሞቃ፣ እየሠራች ነው። ስትጠፋ ከላይ ያለው ሁሉ ወደ ታች ይወርድና ሙሉ መስላ ትሸውድዎታለች።»

አስነስተው፣ አሙቀው ለኩ። ዘይቱ የመለኪያውን ጫፍ ብቻ አርሷል። ራዲዮ ከሥሯ ተንሸራቶ ገባ፤ አንድም ቦታ አልረጠበም፤ መሬቱ ላይ ጠብታ የለም። ማጣሪያውን ወንጅሎ ፈታው፤ ማጣሪያው ንጹሕ ወጣ። ተሳደበና መልሶ አሰረው። ዘይት ጨምሮ አንድ ዙር ነዳት። ከመንገዱ መታጠፊያ ግው የሚለው ድምፅ እስከ ጋራዡ ተሰማ።

«ዘይቱ ጎደለ፣ ግን አልፈሰሰም» አለ ሲመለስ፣ ጭንቅላቱን በክንዱ እያከከ። «ታዲያ የት ገባ?»

እስካሁን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ሚስቱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔ የግቢውን በር ስዘጋ ከኋላዋ ነጭ ጭስ ይሸፍነኛል። ልብሴ ሁሉ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል።»

«መኪና ያጨሳል፤ አንቺ ደግሞ!» አለ ባልዋ።

ራዲዮ ግን ጭንቅላቱን ማከኩን ተወ። ተመልሶ ከሥር ገባ፣ ከካምቢዮዋ ጎን የተለጠፈች ጣሳ መሳይ ዕቃ ላይ የተሰካውን ቀጭን ቱቦ ነቀለ። ከቱቦው ቀይ ዘይት በእጁ ላይ ተንጠባጠበ።

«ራሷን ነው የምትጠጣው!» ብሎ ጮኸ። «እዚህች ጣሳ ውስጥ ስስ ላስቲክ አለች። ሞተሩ በዚህ ቱቦ አየር ይስባል፤ ካምቢዮዋ ማርሹን መቼ እንደምትቀይርና በምን ያህል ኃይል እንደምትይዝ የምታውቀው በዚያ ነው። ላስቲኳ ተቀድዳለች። ሞተሩ ዘይቱን እየማገ ያቃጥለዋል፤ ካምቢዮዋ ደግሞ ደንቁራ ባለ በሌለ ጉልበቷ ትረግጣለች።»

ከሞተች እኅቷ፣ ከሌላ መሰል መኪና ላይ የተፈታች አንድ ጣሳ መደርደሪያ ላይ ነበረችው። ገጠማት፣ ዘይቱን ሞላ። አቶ መቃወሚያ ራሱ ነዳት። ማርሾቹ ቅቤ እንደነካው ቢላዋ ተንሸራተቱ። ግው የለ፣ ጭስ የለ። እንደ ልጅ እየሳቀ ተመለሰ፤ ዘንጉን ወደ ፒ ሲገፋውም መኪናዋ እስትንፋሷ እንኳ አልተሰማም።

ያን ጊዜ ራዲዮ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ዘንጉን ነካ ነካ አደረገው። እንደሚወልቅ ጥርስ ተወዛወዘ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር አለ። ከዘንጉ ወደ ካምቢዮዋ የሚሄደው ብረት ጫፍ ላይ ያለው የላስቲክ ጎሚኒ ተበልቷል። ላይ ፒ ሲያሳይ፣ ታች ገና በፒና በኋላ ማርሽ መካከል ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ትንሽ ንቅናቄ ይበቃዋል፤ ወደ ኋላ ማርሹ ይመለሳል። መኪናዋ እዚህ ትደር፣ ነገ ፈልጌ እገጥመዋለሁ።»

«አሃ! አንዱ ክስ ሲዘጋ ሌላ ትከፍታለህ?»

«ስትረግጥ እኮ ይታወቅዎት ነበር። ግው ካላለች አልገባችም ብለው መልሰው ይገፏት ነበር። አሁን ዝም ብላለች፤ በምን ያውቃሉ?»

«መቃወሚያ አለኝ! ዝም እንድትል ነው ያመጣኋት፤ ዝም አለች ብለህ ትከሳታለህ? ሌቦች ናችሁ፤ ሁላችሁም!»

የራዲዮ ፊት ጠቆረ። ቁልፉን ይዞ መኪናዋን ማስቀረት ይችል ነበር፤ ሌባ ተብሎ ግን አያውቅም። ታኮውን ከመሬት አንስቶ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ወረወረው።

«እንደ ወደዱ። መኪናዋ የእርስዎ፣ እግሩም የእርስዎ። እስኪመለሱ ድረስ ይህቺን ይወሽቁባት።»

ቤታቸው አቀበት ላይ ነው። ከግቢው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ያለው መግቢያ ቁልቁል ወደ በሩ ያጋድላል። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ሥርዓታቸው አንድ ነው፦ እሷ ወርዳ በር ትከፍታለች፣ እሱ እየነዳ ይወጣል፣ እሷ ከመኪናዋ ኋላ በሩን ትዘጋለች። ከቅርብ ወራት ወዲህ ደግሞ አንድ ነገር ተጨምሮበታል። ግው እስኪል ከበሩ ጎን ቆማ ትጠብቃለች። ማንም አላስተማራትም፤ እግሯ ራሱ ነው የተማረው።

ያን ቀን ከሰዓት እሱ ነድቶ ገባ፣ ዘንጉን ገፋ፣ እግሩን ከፍሬኑ አነሳ። ሞተሩን አላጠፋም፤ ጸጥታዋን ሚስቱ እንድትሰማለት ፈልጎ በኩራት ወረደ። እሷ ከበሩ ጎን ቆማለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ዝጊው እንጂ!»

«አልረገጠችም።»

«ሁለተኛ አትረግጥም! ድናለች! ለልጅሽ ደውለሽ መስክሪላት!»

«እስቲ አጥፋት መጀመሪያ። ደስ አላለኝም።»

«ደስ አላለኝም! ይኼ ምን ዓይነት ማስረጃ ነው?»

«ያ ሰውዬ የሰጠህን እንጨት እንኳ...»

«እንጨት! አንቺም ካቴና ልታጠልቂላት ነው?» እጁን አወናጨፈ። «ተይው፤ እኔው እዘጋዋለሁ።»

በንዴት ቁልቁል አለፋት፣ ከመኪናዋ ኋላ ዞረ፣ ሁለቱን የብረት መዝጊያዎች ጎትቶ ገጠማቸው። መቀርቀሪያው ዝጓል፤ በሁለት እጁ እየታገለ፣ ጀርባውን ለመኪናዋ ሰጥቶ መከራከሩን ቀጠለ፤ ስለ መካኒኮች፣ ስለ ልጆች፣ በጆሮዋ ሳይሆን በፍርሃቷ ስለምትሰማ ሴት።

ሚስቱ የፊት ጎማውን እያየች ነበር። ጎማው ላይ የተጣበቀች አንዲት ደረቅ ቅጠል ነበረች። ቅጠሏ ከላይ ነበረች፤ አሁን ወደ ጎን ወርዳለች። ሞተሩ እንደነበረ ነው፤ ምንም አልተለወጠም፣ ምንም አልጮኸም።

«አንተ!» አለች።

ባቱ ላይ ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣ ሞቅ ያለ ትንፋሽ አረፈበት። የከሰዓት ፀሐይ መሰለው።

«አንተ! ዙር!»

እሱ አንድ ጣቱን፣ ያን በዳኞች ፊት ማንሳት የለመደውን ጣቱን፣ ሳይዞር ወደ ላይ አነሳ።

«አታቋርጪኝ» አለ። «መጀመሪያ ልጨርስ።»