እጅህን አንሳ

ቢሮ ገብቼ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ዓይኔ የቤታችን ኮምፒውተር ሎግ ላይ አረፈ። ሎግ ኮምፒውተሩ የደረሰበትን ሁሉ ለራሱ የሚጽፍበት ነው፤ ማን ከፈተው፣ ማን ዘጋው፣ ምን ተነካ። የቢሮውን ኮምፒውተሮች የምጠግን እኔ ስለሆንኩ የቤቱም እዚህ እንዲመጣልኝ አድርጌያለሁ። እና ምን ይላል? «የይለፍ ቃል ስህተት።» ከሥሩም «የይለፍ ቃል ስህተት።» እያየሁት ሌላ ተጨመረ። ክው አልኩ።

ቤት ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ አክስቴ ናት፤ ኮምፒውተር ያነዝራል ብላ አቧራውን እንኳ ከሩቅ የምታራግፍ። ሌላው ወንድሟ፣ አባዬ ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም፣ አንደበታቸውም ተይዟል። የሚያናግሩን በደህናዋ እጃቸው ኪቦርድ ላይ እየጻፉ ነው። ግን እሳቸው እንዳልሆኑ እምላለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ታይፒስት ነበሩ፤ በአንድ ጣት እንኳ ፊደል አይስቱም። እንዲያውም እኔ ስሳሳት «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ይጽፉልኛል።

አክስቴ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አይነሳም።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለ ባልደረባዬ ከጀርባዬ። ለሁሉም ነገር እንዲህ ስለሚል ስሙ ራሱ ቀላል ሆኖ ቀርቷል። «የኢንተርኔት ሌባ ቢሆን በአንዴ መዓት ይሞክር ነበር። ይሄ ቀስ እያለ ነው። እዚያው ቁጭ ብሎ በእጁ የሚነካ ሰው ነው።»

«ቀላል የምትለው ይሄን ነው? አፍህን ዝጋና ፖሊስ ጥራልኝ!»

ሰው ቤታችን ገብቷል። አክስቴን ምን አድርጓት ነው ስልክ የማታነሳው? አባዬ እንደሆኑ ልጩህ ቢሉ ድምፅ የላቸው፣ ልሩጥ ቢሉ እግር የላቸው። ለጎረቤታችን ለአናጢው ደወልኩ።

«በሩ ዝግ ነው» አሉኝ አጥሩን ተጠግተው። «ውስጥ ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል። ልግባ እንዴ?»

«ኧረ በእግዜር ጋሼ፣ እንዳይገቡ! ሌባ ነው፣ ስለት ይዞ ይሆናል! ፖሊስ እስኪመጣ ውጭ ይጠብቁ።»

ከዚያ እዚሁ ሆኜ የቤቱን ኮምፒውተር ጥርቅም አድርጌ ቆለፍኩት። ስክሪኑም ላይ በትልልቁ ጻፍኩለት፦ «አንተ ሌባ! እያየሁህ ነው። እጅህን አንሳ!»

ሎጉ ቀጥ አለ። አንድም መስመር አልተጨመረም።

«ደነገጠ!» ብዬ ጠረጴዛውን ነረትኩት። በጥድፊያ የራሴንም ኮምፒውተር ቆልፌው ኖሯል። ልከፍተው የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ። ስህተት። ደግሜ ጻፍኩ። ስህተት።

«ቋንቋውን መልሺዋ» አለ ቀላል፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ። «አማርኛ ላይ ነሽ እኮ።»

እውነቱን ነው። ለሌባው ስጽፍ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይሬ አልመለስኩትም፤ የይለፍ ቃሌ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የሚታየው ነጥብ ብቻ ስለሆነ ምን እንደጻፍኩ አይታየኝም። መለስኩትና ገባሁ። ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና የቤቱን ሎግ ወደ ላይ ሳብኩት። ትናንት ማታ፦ «የኪቦርድ ቋንቋ፣ አማርኛ።» የአባዬን መድኃኒት አወሳሰድ ለአክስቴ ጽፌ ያተምኩላት እኔ ነኝ። አባዬ ጽፈው ሲጨርሱ ሁልጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል። እኔ እንዲሁ ዘግቼ ተኛሁ።

አባዬ ፊደል አልሳቱም። ትክክለኛውን ቃል በአንዲት ጣታቸው ይጽፋሉ፣ ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል፣ እንደገና ይጽፋሉ። የሆነ ነገር ሊነግሩኝ ነው። ውሃ ደግሞ እየፈሰሰ ነው።

«ጋሼ ይግቡ!» ብዬ ስልኩ ላይ ጮህኩ። «ሌባ የለም፣ በሩን ይስበሩት!»

ታክሲ ውስጥ ሆኜ አክስቴ ጋ መደወሌን አላቆምኩም። አክስቴ አንድ ነገር ሆና ብትቆየኝ አባዬን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው? ሹፌሩ ደህና ነሽ ወይ ቢለኝ ሰደብኩት።

ስደርስ አናጢው ከሰፈር ሰዎች ጋር አክስቴን በብርድ ልብስ ይዘው መኪና ውስጥ እያስገቡ ነው። መታጠቢያ ቤት ወድቃ ጭንቅላቷ ተፈንክቷል። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «ወንድሜ ቁርሱን አልበላም» አለችኝ።

«ቶሎ ገብቼ ቢሆን ይሄ ሁሉ ደም...» ብለው አናጢው የመኪናውን በር ዘጉ።

ወደ አባዬ ክፍል ሮጥኩ። መታጠቢያ ቤቱ ከአልጋቸው ፊት ለፊት ነው፤ ስትወድቅ አይተዋታል። እስካሁንም ደሙን እያዩ ነው። ስክሪኑ ላይ የእኔ ጽሑፍ ተገትሯል፦ «አንተ ሌባ! እያየሁህ ነው። እጅህን አንሳ!» አክስቴን አንቺ እላታለሁ። አባዬን ግን ከተወለድኩ ጀምሮ አንተ ብያቸው አላውቅም።

«አባዬ፣ እርስዎን አይደለም! አፈር ስሆን፣ እርስዎን አይደለም! ደግሞ እህትዎ በሕይወት አለች፣ ሐኪም ቤት እየወሰዷት ነው።»

ቁልፉን ፈታሁ፣ ቋንቋውን መለስኩ፣ ኪቦርዱን አስጠጋሁላቸው። ደህናዋ እጃቸው ብርድ ልብሱ ሥር ናት። ላወጣት ብሞክር ጭብጥ አደረጓት። ጽሑፌ የነበረበትን ስክሪን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ።