ፍላሹን አጽዱልኝ

ሸሪኬ ዮፍታሔ ዊንዶውስን ከሱቃችን ያባረረው በንዴት ነው፤ እኔም እሰይ አልኩት። ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የሠራ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። የባለጉዳይ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ቫይረስ ይገባል፤ ሳይከፈልበት በክራክ የተጫነው የተሰረቀ ዊንዶውስ ይሞታል፤ እንደገና ይጫናል፤ እንደገና ይሞታል። አንድ ቀን ዮፍታሔ ኮምፒውተሮቹን ጠራርጎ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ጫነባቸው።

«ሰሚራ፣ ይሄ የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው» አለኝ። «ክራክ የለ፣ ቫይረስ የለ፣ ልመና የለ።»

እውነቱን ነበር። አሁንም እውነቱን ነው፤ የሚያናድደኝም ይሄው ነው።

ግን ዮፍታሔ የቀየረው ሱቃችንን እንጂ ልደታን አይደለም። ጠበቆቹ የሚጽፉት ዊንዶውስ ላይ፣ ያውም በለመዱት የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። ያ ፎንት የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አማርኛው የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። በሰፈራችን ደግሞ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ሁሉ ስሙ ቫይረስ ነው። ደንበኞች ስክሪኑን አየት ያደርጉና «ዊንዶውስ የላችሁም እንዴ?» ብለው ይወጣሉ። አንዷን ኮምፒውተር እንኳ ለነሱ እንዲተዋት ለመንኩት። «አንዷን ከተውኩ ሁሉንም ተውኩ» አለ። ግትር ነው።

ጋሼ ባጫ የመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ያረጁበትን ቤት የወንድማቸው ልጆች በፍርድ ወስደውባቸው ይግባኝ ሊሉ ነው። ይግባኙን የጻፉላቸው ጠበቃ በፍላሽ ሰጥተዋቸው ለሕክምና ውጭ አገር ሄደዋል።

«ቀኑ ዛሬ ያልቃል፤ አትሙልኝና ልሩጥ፣ ልጄ» አሉኝ።

ዮፍታሔ ፋይሉን ከፈተው። ዝብርቅርቅ ነው። የጋሼ ባጫ ፊት አመድ መሰለ።

«አይደንግጡ፣ ፋይሉ ደኅና ነው፤ የጎደለው ፎንቱ ብቻ ነው» አላቸው።

«ማዶ ሱቅ ሄደው ያሳትሙት» አልኩ።

«እኛም እንችላለን!» ብሎ ጮኸብኝ። ኢንተርኔቱ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ሜክሲኮ ጓደኛው ጋ ፎንቱን ሊያመጣ፣ ፋይሉን ዘግቶ በሩጫ ወጣ። ወደ ኮምፒውተራችን እንኳ አልገለበጠውም።

እኔ ኮፒ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ጋሼ ባጫ ፍላሹን ነቅለው፣ ስልክ ላይ ዘፈንና መዝሙር ወደሚጭነው ጎረቤታችን ወደ ኢፋ ሄዱ።

«ቫይረስ ገብቶበታል፤ አጽዳልኝ» አሉት።

እሳቸው አጽዳ ሲሉ እድፉን አስለቅቅ ማለታቸው ነው። በኢፋ ቤት ግን ፍላሽ ማጽዳት ማለት ያለውን ሁሉ መደምሰስ ነው፤ ሌላ ትርጉም ኖሮት አያውቅም። አጸዳላቸው። ሽማግሌ አክባሪ ስለሆነም ሳይጠየቅ የማርያምን መዝሙር እስኪሞላ ጫነበት።

ዮፍታሔ እያለከለከ ተመልሶ ፍላሹን ሰካ። መዝሙር፣ መዝሙር፣ መዝሙር። የጠፋውን ለመመለስ ያልሞከረው የለም፤ መዝሙሩ በላዩ ተጽፎበታል።

«በቃል ይንገሩኝ፤ እኔ እጽፈዋለሁ» ብሎ ለመናቸው።

ጋሼ ባጫ የሕጉን ቃል ከየት ያምጡት? የሚያውቁት ቤቱን ነው። ጣሪያውን ማን እንደመታ፣ እናታቸው በየትኛው ክፍል እንደሞቱ ነገሩት። ያንኑ ጻፈ፤ አተምን፤ ሮጡ። መዝገብ ቤቱ ተዘግቶ ነበር።

በማግስቱ ዮፍታሔ የተሰረቀውን ዊንዶውስ ይጭን ጀመር። አላጽናናሁትም፤ ተናድጄበት ነበር። ያኔ ጋሼ ባጫ በሩ ላይ ቆሙ። ሊሰድቡን የመጡ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ስድቡ ይገባን ነበር።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጆቼ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ።

«ለምኑ ነው፣ ጋሼ?»

«በኔ ፍላሽ ቫይረስ አስገባሁባችሁ።» ስክሪኖቹን አንድ በአንድ አዩ። «ይኸው በኔ ጦስ ሁሉንም ልታጸዱ ነው።»

ዮፍታሔ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«አዎ ጋሼ» አለ፣ «እያጸዳን ነው።»