የታጠበ ጨው

አማቴ ጨው ያጥባሉ። እየቀለድኩ አይደለም። ከሱቅ የመጣውን ሻካራ የታሸገ ጨው አረንጓዴ ሳፋ ውስጥ ይገለብጡና ውሃ አፍስሰው ያሹታል፤ ውሃውን ደፍተው የተረፈውን በረንዳ ላይ፣ ንጹሕ አንሶላ ላይ ያሰጡታል። ግማሹ ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ለእሳቸው ግን የሄደው ሁሉ እድፍ ነው።

ምክንያት አላቸው። ወጣትነታቸውን የጨረሱት ጨው መጋዘን ውስጥ፣ በአካፋ እየዛቁ ከረጢት ሲሞሉ ነው። «ሰው በጫማው ሲረግጠው በዓይኔ አይቻለሁ። እያወቅኩ አላበላችሁም!» ይላሉ። እኔም የምራት ነገር፣ አፌን ይዤ ኖርኩ። ሳፋውን ለሌላ ሥራ መንካት ክልክል ነው፤ አንዴ ካልሲ ነክሬበት ስንት ቀን ተኮራርፈናል!

ነፍሰ ጡር ስሆን አንገቴ ማበጥ ጀመረ። አዋላጇ ነርስ ጣቶቿን ጉሮሮዬ ላይ አሳርፋ «እስቲ ምራቅሽን ዋጪ» አለችኝ። ዋጥኩ።

«እንቅርት እየጀመረሽ ነው፤ አዮዲን አንሶሻል። የፅንሱ አእምሮና ጆሮ ያለ እሱ በደንብ አያድግም። ምን ዓይነት ጨው ነው የምትበሉት?»

«አዮዲን ያለበትን ነው። ማሸጊያው ላይ ተጽፏል።»

ያመነችኝ አልመሰለኝም። በማግስቱ ከቤት ጨው ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ። ካልተከፈተው ፓኬትም ከጨው ጣሳውም ወሰድኩላት። ሁለቱም ላይ ከትንሽ ጠርሙስ መፈተሻ ፈሳሽ ጠብ አደረገች። የፓኬቱ ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። የጣሳው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ይሄኛውን ምን አድርጋችሁት ነው?»

ሳፋው ፊቴ ላይ ድቅን አለ። «አጥበነው» አልኩ፣ እያፈርኩ።

«በቃ፣ አዮዲኑን ውሃው ይዞት ሄዷል።» የምውጠው ክኒን ሰጠችኝ። ጨዉን ደግሞ ሳናጥብ ክዳን ባለው ዕቃ እንድናስቀምጥና ምግቡ ከበሰለ በኋላ እንድንጨምረው ነገረችኝ።

እሷ ምን አለባት፣ አማት የላት ይሆናል! እኔ ግን ቤት ገብቼ እንደምንም አወጣሁት። ቱግ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው በረንዳው ላይ ወደተቀመጠችው ወደ ትንሿ ሄደ። ትንሿ የምንላት የባሌን እህት ነው። ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ግን ጆሮዋ አይሰማም፣ አእምሮዋም የልጅ ነው። ገና አራስ ሳለች የድስት ክዳን አጠገቧ ወድቆ ሳትደነግጥ ስትቀር ነበር አማቴ ጉዳቸውን ያወቁት።

«እሷንም… እኔ ነኝ?» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ ያኔ ትንሿን አርግዘው መጋዘን ሳሉ ጨው ላይ አዮዲን ሲጨመርበት አይተው ያውቃሉ?»

«ኧረ ምን ሲደረግ! እንደመጣ ነው የምንሞላው።»

«እንግዲያው ምኑን አጥበው ያስወጡታል? የትንሿን ምክንያት እኔ አላውቅም። የእርስዎ እጥበት ግን አይደለም።»

ከዚያ ተነሥተው ፓኬቱን ቀደዱ፤ ላለማየት ፊታቸውን አዙረው ጣሳው ውስጥ ገለበጡትና ክዳኑን ጥርቅም አደረጉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ክኒኔን እስክውጥ በር ላይ ይቆማሉ። ዋጥኩ ብላቸውም አያምኑኝም፤ «አፍሽን ክፈቺ» ይሉኛል።

ወንድ ልጅ ወለድኩ። ሳፋውን ራሳቸው ፈግፍገው አመጡት። «ጨው ካልታጠበበት ልጅ ይታጠብበት» አሉ፣ ኮስተር ብለው።

አንድ ረፋድ ልጁን አጥበን፣ በስንት መከራ አስተኝቼው ቀና ከማለቴ ከኋላዬ ሲሚንቶው ላይ ጓ! አለ። የጨው ጣሳው ክዳን ነው። ልጁ እጆቹን በርግዶ ደነገጠና እሪታውን አቀለጠው።

«ምነው እማዬ! አሁን ገና እኮ ነው የተኛው!» ብዬ በንዴት ዞርኩ።

አማቴ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ያለቅሳሉ። ክዳኑ አምልጧቸው እንዳልወደቀ ያኔ ገባኝ።

«ሰማ» አሉኝ። «ሰማ እኮ፣ ልጄ!»

እኔም እንባዬ መጣ። ክዳኑን ከመሬት አንሥቼ ሰጠኋቸው።

«እስቲ ይድገሙት» አልኳቸው።