ስልሳ አንድ ሰዓት የቆመው ወንዝ

ደብዳቤው ጠረጴዛዋ ላይ ሲቀመጥ መሐንዲሷ ዓይኗን የጣለችው የመጨረሻው መስመር ላይ ነበር። «የመለኪያ መሣሪያው ጤናማ እንደነበር የሚገልጽ የቴክኒክ ሪፖርት እስከ ዓርብ ጠዋት እንዲያቀርቡ» ይላል። መርምሪ አይልም፤ ጤናማ ነው በይ ነው የሚለው። መልሱ ቀድሞ ተጽፎ ጥያቄው ለወጉ ያህል የተላከ ደብዳቤ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዙ ወደ ግድቡ ከመግባቱ በፊት አንድ ድልድይ አለ፤ ድልድዩ ሥር የውሃ መሥሪያ ቤቱ የመለኪያ ጣቢያ። ጣቢያው ሁለት ለኪዎች አሉት። አንደኛው ውሃ ውስጥ የተተከለ ሴንሰርና ከእሱ ጋር በኬብል የተያያዘ ግራጫ ሣጥን ነው፤ በየአምስት ደቂቃው የውሃውን ከፍታ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ይልካል። ሁለተኛው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የድልድዩ ምሰሶ ላይ የተቀባውን ቁጥር በዓይናቸው እያነበቡ ደብተር ላይ የሚጽፉ ሰው ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ከመታወቂያቸው በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ለሁሉም ጋሼ ሜትር ናቸው።

ከአንድ ወር በፊት ከላይ ሦስት ቀን ዘነበ። የጋሼ ሜትር ደብተር ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ሁለት ከስልሳ፣ ሦስት ከአምስት፣ ሦስት ከሰባ እያለ ወጣ። ሣጥኑ ግን ሁለት ከአሥራ አራት እንዳለ ቀረ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሣጥኑን አመነ። ግድቡ ሊፈስ ሲል በሮቹ በድንጋጤ በአንዴ ተከፈቱና ውሃው ታች ሰፈር ላይ ወረደ። ሰው አልሞተም፤ እሱም በዕድል ነው። የአንዲት ልብስ ሰፊ አራት የስፌት መኪናዎች ጭቃ ውስጥ ተቀበሩ። የሕፃናት መዋያው ፍራሾች አጥር ላይ ተሰጥተው ሳምንት አልደረቁም።

ጥፋተኛ ሲፈለግ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ። ጋሼ ሜትር «ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ አላሳወቁም፤ የደብተሩንም ቁጥር ጎርፉ ካለፈ በኋላ ሞልተውታል» ተብለው ከሥራ ታገዱ።

መሐንዲሷ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ማሽኑን ነበር ያመነችው። ሰው ይደክማል፣ ይዘነጋል፣ ይዋሻል፤ ማሽን ምን ቆርጦት ይዋሻል? የሣጥኑን መዝገብ የከፈተችው ለሪፖርቱ ሁለት መስመር ለመቅዳት ብቻ ነበር። ግን ከፈተችና መቅዳቱን ተወችው። ስልሳ አንድ ሰዓት ሙሉ ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት። አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ወደ ላይ የለም፤ ወደ ታች የለም። ከቁጥሩ ጎን «ሁኔታ» የሚለው ዓምድ ደግሞ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያለ ይወርዳል። በኮምፒውተሩ ቋንቋ ዜሮ ማለት ተሳክቷል፣ ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው።

«ወንዝ ነው ወይስ የግድግዳ ሥዕል?» አለች ለራሷ፤ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ጋሼ ሜትርን ያገኘቻቸው ቤታቸው ሳይሆን ድልድዩ ላይ ነው። ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ምሰሶውን ያያሉ።

«ጋሼ፣ ታግደዋል አልተባለም እንዴ?»

«እኔ ታግጃለሁ። ወንዙ አልታገደም» አሉ ዞር ሳይሉ። «ከዋናው ቢሮ ነሽ?»

«አዎ። ስለ ማሽኑ ሪፖርት እንድጽፍ ታዝዤ ነው።»

«እሱማ ተጽፎ አልቋል አሉ።»

ደብተሩን ገልጠው ሰጧት። የሁለተኛው ቀን ገጽ ላይ ቀለሙ ፈስሶ ወረቀቱ እንደ ደረቀ ቅጠል ተኮማትሯል። «ይኼን ጎርፉ ካለፈ በኋላ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩት አሉ። ዝናቡን ከየት አመጣሁት ታዲያ? ከቧንቧ?»

«ስልክስ ደውለው ነበር?»

«ሦስት ጊዜ! የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ተረኛ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? ‘ጋሼ፣ ማሽኑ ሁለት ከአሥራ አራት ነው የሚለው፤ መነጽርዎን ይወልውሉ’ አለኝ። እኔን! ይኼ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ውሃ ያነበብኩትን ሰውዬ!» ከዚያ ከኪሳቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ጥቁር ኬብል አወጡ። ጫፉ ተበጥሶ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። «በጎርፉ ማግስት ጥገናዎች መጥተው ቀየሩት። የድሮውን ሣር ላይ ጥለውት ሲሄዱ አነሳሁት። ግንድ ነው የበጠሰው።»

መሐንዲሷ ኬብሉን አገላብጣ አየች። የጥገናው ነገር በተሰጣት ሰነድ ውስጥ የትም የለም። የሚያውቅ ሰው አለ፤ አውቆም ውሃ እንዲበላው አድርጓል ማለት ነው። ደሟ ፈላ።

ቢሮ ተመልሳ የሣጥኑን ድራይቨር ከፈተች። ድራይቨር በሃርድዌሩና በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መካከል የሚመላለስ አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። ሃርድዌሩ በራሱ ቋንቋ የሚለውን ሰምቶ ወደ ላይ ያደርሳል። ሥራው ከተሳካ ዜሮ ይመልሳል፤ ካልተሳካ ምን እንደጎደለ የሚናገር የስህተት ኮድ። መስመሩ ከተቋረጠ አንድ ቁጥር፣ መልሱ ከዘገየ ሌላ ቁጥር። አስተርጓሚ የሰማውን ካላደረሰ ምኑን አስተርጓሚ ሆነ?

ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ አገኘችው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው፣ ሴንሰሩን የሚያነበው ቺፕ ግዴታውን ተወጥቷል፤ መስመሩ ሲበጠስ «መልስ የለም» የሚለውን ኮድ ልኳል። በየአምስት ደቂቃው፣ ስልሳ አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኋል። ድራይቨሩ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኮዱን ይጥልና የመጨረሻውን ደህና ቁጥር አንስቶ፣ ዜሮ ለጥፎበት፣ አዲስ አስመስሎ ወደ ላይ ይልካል። ከመስመሩ በላይ የጸሐፊው ማስታወሻ አለ፦ «ማስጠንቀቂያው ስለበዛ ዝም ይበል።» ከሥሩ የጸሐፊው ስም። ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ የሆነው ሰው ነው፤ ደብዳቤውን የፈረመው።

ሌላም ነገር አገኘች። ድራይቨሩ ከተጻፈ ከዓመታት በኋላ ሣጥኑ ዳግም ሲፈተሽ የተሞላው የፍተሻ ቅጽ ላይ «ተፈትሾ ተቀባይነት አግኝቷል» ይላል፤ ከሥሩ የራሷ ፊርማ። ያኔ ሁሉንም ነገር ሰክታ ነበር የፈተሸችው። አንድም ኬብል ነቅላ ምን እንደሚል አላየችም። ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ኃላፊው ቢሮ በሩን ሳታንኳኳ ነው የገባችው።

«ቺፑ ስህተት ሲል ድራይቨሩ ደህና ነው ይላል። የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለ። «ተቀመጪ እስቲ። ያኔ አንቺ አልነበርሽም። ኬብሉ ትንሽ ላላ ባለ ቁጥር ስክሪኑ ቀይ ይሆናል፣ የላይ አለቆች ይደውላሉ፣ እኛ እንሮጣለን። ዝም አሰኘሁት፤ ሁሉም እፎይ አለ። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

«ይኼው ነቀዘ! ታች ሰፈር ሄደው ይዩታ! ኬብሉ መበጠሱንስ ያውቁ ነበር?»

«ጥገና የዕለት ተዕለት ሥራ ነው» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ስሚኝ፤ ሽማግሌው ጡረታቸው ደርሷል። ትንሽ ቀደም ብለው ቢያርፉ ማን ይጎዳል? ደግሞ የፍተሻ ቅጹ ላይ ፊርማሽ አለ። ነገሩ ከተነሳ ላንቺም ጥሩ አይመጣም።»

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኼ ነው። ሳትቀመጥ ወጣች።

ከሥራ ስትገባ እናቷ ፊቷን አይተው ሽንኩርት የሚከትፉበትን ቢላ አስቀመጡ። ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ነበሩ፤ የስንቱን አለቃ ደብዳቤ በታይፕ መትተዋል። ነገሩን ከራስጌ እስከ ግርጌ ሰሟት።

«ቅጹ ላይ እኔም ፈርሜያለሁ እማዬ። ከተናገርኩ እኔም አለሁበት።»

«ታዲያ አለሽበታ!» አሉ እናቷ። «ልጄ ስለሆንሽ የለሽበትም ልበልሽ? እኔ ሠላሳ ዓመት አለቆቼ ያሉኝን መታሁ። ትክክል ሲሆን የእነሱ ነበር፣ ስህተት ሲገኝ የታይፒስቷ። አንድ ቀን ‘ይኼ የእኔ ስህተት ነው፣ ያ ደግሞ የአንተ’ ብዬ ብለያየው ኖሮ ዛሬ ይኼ የጨጓራ ክኒን ባልኖረኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የአንቺን ያንቺ በይ፤ የእሱን የእሱ በይ።»

ዓርብ ጠዋት የስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ጉዳዩን የሚያጣሩ አምስት የኮሚቴ አባላት፣ ኃላፊው፣ ተረኛው ሠራተኛና፣ ጥግ ላይ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ጋሼ ሜትር ነበሩ። መሐንዲሷ በሪፖርቱ ፈንታ ከመጋዘን ያወጣችውን የሣጥኑን መንትያ፣ አንድ ሴንሰርና ውሃ የሞላ ባልዲ ይዛ ገባች። ሴንሰሩን ባልዲው ውስጥ ነከረችው። ስክሪኑ ላይ ሠላሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ታየ፤ ከጎኑ አረንጓዴ «ደህና»።

ከዚያ ኬብሉን ነቀለችው። ባልዲውን አንስታ በመስኮቱ ውሃውን ወደ ግቢው ደፋችና ባዶውን ባልዲ ጠረጴዛው ላይ ዘቅዝቃ አስቀመጠችው።

ስክሪኑ አልተነቃነቀም። ሠላሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር። ደህና።

ሰብሳቢዋ፣ ቁጥብ አነጋገር ያላቸው ሴት፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «መቼ ነው የሚለወጠው?»

«ሰክቼ እስክመልሰው አይለወጥም። ሳምንትም ቢሆን። ቺፑ ኬብሉ የለም እያለ ይናገራል፤ ድራይቨሩ ውጦ ያስቀረዋል። እንዲውጥ ያደረገው ሰው የጻፈው መስመር ይኸውላችሁ፣ ከነስሙ። ይኼ ደግሞ ግንድ የበጠሰው ኬብል ነው። በማግስቱ ተቀይሯል፤ ለእናንተ ግን አልተነገራችሁም። ይኼኛው» አለችና ድምፅዋ አነስ አለ፣ «እኔ ሳልፈትሽ ፈትሻለሁ ብዬ የፈረምኩበት ቅጽ ነው።»

ኃላፊው ተነሳ። «መሣሪያ ነው፣ ይበላሻል! ማንም ሰው ...»

«መሣሪያው አልተበላሸም!» ጮኸች፤ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። «እውነቱን ተናግሯል! እኛ ነን አፉን የያዝነው! እውነት የተናገሩትን ሰውም አፋቸውን ይዘን ውሸታም አልናቸው!»

ተረኛው ጫማውን ያያል። ጋሼ ሜትር የካፖርታቸውን ቁልፎች ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ፈቱ።

ከሰዓት ቃለ ጉባኤው ሲመጣ «ጎርፉ የደረሰው በመሣሪያ ብልሽት ነው» ይል ነበር። መሐንዲሷ አልፈርምም አለች። ሁለት ጊዜ ተጠራች፣ ሁለት ጊዜ እምቢ አለች። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ ራሳቸው እስክሪብቶ አንስተው «መሣሪያው የላከው የስህተት ምልክት በድራይቨሩ እንዲታፈን በመደረጉ» ብለው አስተካከሉት። የጋሼ ሜትር እገዳ ተነሳ። እሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ አንብባ ይገባኛል አለች። ኃላፊው «ለተሻለ ሥራ» ተብሎ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። ለማን የተሻለ እንደሆነ ደብዳቤው አይናገርም። ያን ስታነብ ወረቀቱን ልትቀደው ምንም አልቀራት።

በሚቀጥለው ሳምንት የመሥሪያ ቤቱን ጣቢያዎች ድራይቨሮች ሁሉ አንድ በአንድ መረመረች። የተዋጠ ስህተት አሥራ ዘጠኝ ቦታ አገኘች፤ ሁሉንም አስተካከለች፣ ኬብል እየነቀለች ፈተሸች። አዲሱ ፕሮግራም በተጫነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተረኛው ደወለ።

«ምን አደረግሽ? ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ! ትናንት ሁሉም አረንጓዴ ነበር፣ አበላሸሽው!»

«ትናንትም ቀይ ነበር። አይታይህም ነበር እንጂ።»

«የድልድዩም ጣቢያ መልስ የለም ይላል። አለቆች ውሃው ስንት ነው ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ኬብሉ እንደገና ላልቶ ይሆናል። ማሽኑ አላውቅም ሲል አንተም አላውቅም በል። ከዚያ ለጋሼ ሜትር ደውል። መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቃቸው፤ ቀጥሎ ቁጥሩን ጠይቅ።»

በማግስቱ ጋሼ ሜትር ራሳቸው ደወሉላት።

«ያ ልጅ ደውሎልኝ ነበር» አሉ።

«ይቅርታ ጠየቀዎት?»

«የለም። ቁጥሩን ነው የጠየቀኝ።»

«ነገሩት?»

«ነገርኩት እንጂ! ታች ሰፈር ሰው አለ፤ እሱ ስላላፈረ ውሃ ይብላቸው?» አሉ። «ግን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። በደንብ መስማቱን ላረጋግጥ ብዬ።»

መሐንዲሷ ሳቀች። ተሰናብታቸው ስልኩን ዘጋችና የቀረውን ይቅርታ ልታስታውሰው የተረኛውን ቁጥር መታች።