ቀዩን ጫኑ

"ቀዩን ብቻ! አረንጓዴውን እንዳትነኩት!"

ጋሽ ሀቢቡ አይሱዙው ላይ በርበሬ እያስጫነ ነው። የገበሬዎች ማኅበሩን ታብሌት እንደ ሕፃን አቅፎታል። ሃያ ዓመት በቡታጅራ መጋዘን የኖረ ሰው፣ ዛሬ ከማሽን ጋር ስለተዋወቀ አንገቱ ረዝሟል።

ዘይባ ከቢሮ ስትወጣ ጭነቱን አይታ ክው አለች። ሠንጠረዡን የሠራችው እሷ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች አምስት ወሯ ሲሆን፣ ማኅበሩ ሥራዋን አይቶ ሊቀጥራት የተስማማው ለዛሬ ነው። የየጆንያው በርበሬ እርጥበት ተለክቶ በኢንተርኔት ሲገባ፣ ቁጥሩ ያረፈበት ሣጥን ራሱ ቀለም ይለብሳል፤ ከአሥራ ሁለት በመቶ ካለፈ ቀይ፣ ካላለፈ አረንጓዴ።

"ጋሼ፣ ቀዩ እኮ እርጥቡ ነው! አዲስ አበባ ደርሶ ሳይሸጥ ይሻግታል!"

"ምን አልሽ?"

"ቀይ ማለት አይጫንም ማለት ነው!"

ጋሽ ሀቢቡ ሳቀ። "አንቺ የበርበሬው አገር የእንሴኖ ልጅ አይደለሽም እንዴ? በርበሬ ቀይ በመሆኑ የተከሰሰው ከመቼ ወዲህ ነው? አረንጓዴውንማ ወላሂ ፍየልም አትገዛሽ!"

"ታዲያ ሲጫን በእጅዎ አሸት አላደረጉትም?"

"ትናንት 'እጅዎን ይተዉት፣ ሠንጠረዡን ይመኑ' ያለችኝ ማን ነበረች?"

ሠላሳ አራት ጆንያ የጫኑት ወዛደሮች ተያዩ። "የኛስ ወገብ ምን ቀለም ይልበስ?" አለ አንዱ፣ ወገቡን ይዞ። ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ።

በዚህ መሀል የማኅበሩ ሊቀ መንበር ከማሉ የቅጥር ውሉን ይዞ ደረሰ። ነገሩን ሰምቶ ፊቱ ተለወጠ።

"ጥፋቱ የማን ነው? የሰውየው ነው የማሽኑ?"

ጋሽ ሀቢቡ መሬት መሬት ያይ ጀመር። በዚህ ዕድሜው ማሽን አይገባውም ሊባል ነው። ዘይባ የቀለሙን ትርጉም ከሠንጠረዡ ሥር በደቃቅ ፊደል ጽፋለች፤ "አላነበቡትም" ብትል ነገሩ ያልቅ ነበር። ውሉም ይፈረም ነበር።

"የኔ ነው" አለች። "ቀለሙን የመረጥኩት በርበሬ የሚያውቅ ሰው ሳልጠይቅ ነው።"

ከማሉ ወዛደሮቹ ጭነቱን እንዲያወርዱ አዘዘና እስክሪብቶውን ዘረጋላት። "በይ፣ ለማንኛውም ፈርሚ።"

"ይቆየኝ" አለች ዘይባ። ጋሽ ሀቢቡን ይዛ ቢሮ ገባችና ኮምፒውተሩ ፊት ያለውን ወንበሯን ሳበችለት። "ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ። እርጥቡን ምን ዓይነት ቀለም እናልብሰው?"