አሥራ ስምንት አምፖል በበረሃ

ሽቦው አሥራ ስምንት አምፖል ይዞ መጣ። ሰው በረሃ ለማደር ውሃ ይይዛል፣ ብርድ ልብስ ይይዛል፤ እሱ አምፖል!

እህቱ መካኒኳ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። ሽቦው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ቅጽል ስሙን ያወጡለት አባታቸው ናቸው። እዚህ አሸዋ ላይ ያመጣቸውም የአባታቸው ነገር ነው። ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን በረሃ በከባድ መኪና ሲያቋርጡ ኖረዋል፤ ሲመሽ ጭነቱ አናት ላይ ሸራ አንጥፈው፣ ሰማይ ሰማዩን እያዩ ነበር የሚተኙት። ነገ ከሰዓት ደግሞ ዐይናቸውን ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። ሐኪሙ አልደበቀም፤ የቀረችው ብርሃን ልትተርፍም ጨርሳ ልትጠፋም ትችላለች ብሏል። ይህን ጊዜ ሽማግሌው «እንግዲያው አንድ ሌሊት በረሃ ውሰዱኝ» አሉ። መካኒኳ «ምን ልታይ ነው?» ብላ አልጠየቀቻቸውም። ኮከብ ነዋ! በረሃ ላይ ሌላ ምን አለ?

መኪናውን አሸዋ እንዳይውጠው ጠጠሩ መንገድ ላይ አቁመው ዕቃውን ተሸከሙ። እሷ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዛ ግማሽ ሰዓት መራቻቸው። ሽቦው ከኋላ ትንሽዬ ጄኔሬተር በትከሻው አድርጎ እያለከለከ ይከተላል። «ለስልክ ቻርጅ ነው» ብሎ ነበር፣ ውሸታም!

ድንኳኖቹን ተክለው ለዐይን ያዝ ሲያደርግ ጄኔሬተሩ ተንደቀደቀ። አምፖሎቹ ከድንኳን ድንኳን ተሰቅለው ቦግ አሉ። ሰማዩ ጥቁር ሸራ ሆኖ ቀረ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለችው መካኒኳ ወንድሟን። «ሠርግ ቤት አስመሰልከው እኮ!»

«አባዬ በጨለማ ቢደናቀፍስ? ገመድ አለ፣ ካስማ አለ።»

«አባዬ የመጣው ኮከብ ሊያይ ነው። አጥፋው!»

«እስኪ እራቱን ይብላበት።»

እራት ተበላ፤ መብራቱ ግን አልጠፋም። ሽማግሌው በሁለቱ መሐል ተቀምጠው አንዴ ወደሱ አንዴ ወደሷ ዞር እያሉ ይስቃሉ። «አንተ፣ መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?» አሉ ልጃቸውን። እሷን ደግሞ «ጉንጭሽ ላይ ግራሶ አለ፤ ዛሬም አልታጠብሽም?» አሏት። መካኒኳ ወንድሟን ላለማስቀየም የሚጫወቱ መሰላት፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አንገበገባት። ሽቦው ሁሌም እንዲህ ነው። የሚያመጣልህ አንተ የፈለግከውን ሳይሆን እሱ መገጣጠም የሚችለውን ነው።

«ጋሼ፣ አጥፋው አልኩህ!»

«ትንሽ ቆዪ» አለና ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የላላ አምፖል ያጠብቅ ጀመር።

ተነሣች። ሞተሩን ብታጠፋው ተመልሶ ያስነሣዋል፤ ታውቀዋለች። ስለዚህ አጠፋችው፣ የዕቃ ቦርሳውን በርብራ መፍቻ አወጣች፣ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን የጋለ ካንዴላ በሻርፗ ይዛ ፈታችና ክንዷ እስኪነቀል ድረስ ወደ ጨለማው ወረወረችው።

«እስቲ አሁን አብራው!»

ሰማዩ በአንዴ ሞላ። እሷ ራሷ እንዲህ ያለ ኮከብ አይታ አታውቅም። «አባዬ፣ ቀና በል! ያውልህ!»

ሽማግሌው ቀና አላሉም። በእጃቸው የምንጣፉን ጫፍ ይዳብሱ ነበር።

«መብራቱ ምን ሆነ?»

«አጠፋሁልህ፤ ኮከብ እንድታይ።»

«ኮከብ?» አሉ። «ልጄ፣ ኮከብ ማየት ካቆምኩ እኮ ሁለት ዓመት አለፈኝ።»

«ታዲያ በረሃ ውሰዱኝ ያልከው ምን ልታይ ነው?»

«እናንተን ነዋ! ከተማ ውስጥ አንቺ መኪና ሥር ነሽ፣ እሱ ሰው ጣሪያ ላይ ነው። ሁለታችሁ ሥራ ጥላችሁ አጠገቤ የምትቀመጡት የት ነው? ፀሐይ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ወተት ይሆንብኛል። በዚህ መብራት ግን ፊታችሁ ቁልጭ አለልኝ። አልጠገብኩም፤ በሉ አብሩት።»

«ለምን አልነገርከንም?» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ራሷንም አስፈራት። አባቷን ጠላች፣ ወንድሟን ጠላች፣ ከሁሉም በላይ ክንዷን ጠላች።

«ብነግራችሁ፣ ኮከብ ካላየህ በረሃ ምን ይሠራልሃል አትሉኝም ነበር?»

ወደ ወንድሟ ዞረች። «ትርፍ ካንዴላ አለህ?»

«መካኒኳ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አላት። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥቶ ነበር። የመኪናው ሞተር እንደሆነ ናፍጣ ነው፤ ካንዴላ የሚባል ነገር የለውም።

ስልኳን አውጥታ መብራቱን ፊቷ ላይ አደረገች። «አባዬ፣ ይኸው፤ እዚህ ነኝ።»

የስልኩ ብርሃን ግን ለሳቸው ዐይን አልበቃም፤ ሽማግሌው ከጆሮዋ አጠገብ ላለው ጨለማ ፈገግ አሉለት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ መልቀሙስ መች ተገኘ? እሷ ወደዚህ ነው ትላለች፣ ሽቦው ወደዚያ ነው ይላል፤ ካንዴላውን ፍለጋ እየተሰዳደቡ በእንብርክካቸው አሸዋውን ይምሳሉ።

«ተዉት ልጆች» አሉ ሽማግሌው። «ተዉትና ኑ፣ አጠገቤ ተቀመጡ።»

ማንም አልሰማቸውም። ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው አሸዋ ያበጥሩ ነበር።